ከደረቷ ሥር የያዘችው

ወርቂቱ ለሦስተኛ ጊዜ እቅፉን ሸሸችው።

ከጉቴ የሚመጣው የጠዋቱ አውቶቡስ ነቀምት መናኸሪያ ገብቶ ሲቆም ዓምደሚካኤል በሩ ሥር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ለሰው ዓይን የፖስታ ከረጢት ሊረከብ የመጣ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ልቡ ግን የመጣችበትን ጉዳይ ታውቃለች። ጊዜው ሰኔ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ነበር። ተሳፋሪው ዶሮውን፣ ጆንያውን፣ ልጁን እየጎተተ ተግተልትሎ ወረደ። እሷ ከሁሉም በኋላ ወረደች፤ ደረጃውን አንድ በአንድ እንደ አራስ እየረገጠች፣ ግራ እጇን ሹራቧ ላይ ከጡቷ ሥር አድርጋ።

«አካም ቡልቴ፣ ዓምዴ?» አለችው፣ እንዴት አደርክ ማለቷ ነው። ፈገግታዋ የዱሮው ነው። ዓይኗ ግን ከኋላው የሚጋፋውን ሰው ይቆጣጠራል።

እጆቹን ዘረጋ። ትከሻዋን አዞረችበት።

«ዛሬ ይቅር።»

«አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ምን ሆነሻል?»

«ብርድ ነው ዓምዴ፤ ልሂድበት» ብላ መንገዱን መሐል ለመሐል ያዘች። ሰው ሊነካት ሲቃረብ ቆም፣ ሲያልፍ ቀጠል እያለች ሄደች። ዓምደሚካኤል ከረጢቱን እንደታቀፈ ቀረ። በሰው ፊት የተዘረጋ እጅ ባዶውን ሲመለስ እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ፍቅረኛ ሲጠረጥር ቀን ቆጣሪ ይሆናል። እሱም ቆጥሮ አግኝቶታል። ይህ ነገር የሚመጣው በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ነው። ጉቴ ወደሚገኘው እርባታ ረቡዕ ማታ ትሄዳለች፣ ሐሙስ ጠዋት ትመለሳለች፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ አትነካም። እሑድ ሲሆን ግን ራሷ ትመጣለች፤ እየሳቀች አንገቱ ሥር ትሸጎጣለች። ከእሑድ እስከ ረቡዕ የእሱ ናት። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜስ የማን ናት?

ወርቂቱ ተረፋ የአርጆ ልጅ ናት፣ የሚስዮን ትምህርት ቤት አስተማሪ ልጅ። አምስት ዓመት ቼኮዝሎቫኪያ ተምራ ስትመለስ መንግሥት የመደባት አሳማ እርባታ ነው። ጉቴ አሳማዎቹ አሉ፤ ነቀምት ከገበያው መንገድ ዳር ደግሞ አንዲት ክፍል ቤተ ሙከራ አለቻት፣ ማይክሮስኮፕ ያለባት። በዚያ ውስጥ ምን እንደምትሠራ ዓምደሚካኤል ጠይቆ አያውቅም። አሳማ የሚለው ቃል ከመካከላቸው ሲወድቅ ሁለቱም አልፈውት ይሄዳሉ። ከመስቀል በኋላ ወደ አርጆ ሽማግሌ እንደሚልክ ቃል ገብቶላታል፤ ለእናቱ ግን ቁርጡን ገና አልነገራትም።

* * *

«ዛሬም ሸሸችህ አሉ» አለችው እናቱ ተናኜ፣ ምሳውን እያቀረበች።

«ማን አለ?»

«አገር አለ! ወለቴ ከሱቋ በር ሆና ስታይ አልነበረም? ‹ልጅሽ እንደ መስቀል ተዘርግቶ ቀረ› ብላ ስቃብኛለች።»

«ወለቴ ስኳሯን ብትመዝን ይሻላት ነበር።»

«እሷስ ትመዝናለች፤ ያልመዘንከው አንተ ነህ።» ተናኜ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች። ከመንዝ ከመጣች ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ የወለጋ ዝናብ ንግግሯን አላለሰለሰውም። «ስማኝ ልጄ። እኔ አራት ወልጃለሁ። ሴት ልጅ ጡቷን ሰው እንዳይነካባት የምትሸሸው ሲያማት ነው፤ መቼ እንደሚያማትም አውቃለሁ። ደረጃ ስትወርድ እንደዚያ የምትረግጠውም በምን ምክንያት እንደሆነ አውቃለሁ።»

«እማዬ፣ ተይ!»

«ምኑን ልተው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ያ ከውጭ አገር ደብዳቤ የሚጽፍላት ማን ነው? እዚያ እርባታ አብሯት የሚያድረውስ ማን ነው?»

«ጉሉማ ነው የሚባለው። ሠራተኛ ነው።»

«ሠራተኛ ወንድ አይደለም?»

ዓምደሚካኤል ተቆጥቶ ወጣ። መንገድ ላይ ግን ከራሱ ጋር ሲያወራ ራሱን ያዘው፤ «ሠራተኛ ወንድ አይደለም?» እያለ ነበር። ከልጅነቱ እንዲህ ነው። እናቱ የተናገረችው ነገር አድሮ የራሱ ሐሳብ መስሎ አፉ ላይ ይበቅላል። እሱም የራሴ ነው ብሎ ያጭደዋል።

* * *

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ የጉቴን ከረጢት ሲያዘጋጅ የእሷን የእጅ ጽሑፍ አየ። በስስ ፖስታ ላይ «ለኦቦ ጉሉማ ሞረዳ» ይላል፣ ለአቶ ማለቷ ነው።

የሰው ደብዳቤ እንዴት እንደሚከፈት ፖስታ ቤት የሚሠራ ሁሉ በዚያ ዘመን ያውቅ ነበር። ከቼኮዝሎቫኪያ የሚመጡላት ደብዳቤዎች ጠርዛቸው ተነስቶ፣ በማይረባ ሙጫ ተመልሶ ተለጥፎ ነው የሚደርሱት። ማን እንደከፈተው አይጠየቅም። ዓምደሚካኤል ሲያስረክባት ዓይኗን ማየት ያሳፍረው ነበር፣ እሱ የከፈተው ይመስል። ያን ቀን ግን የሻይ ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ሲፈላ፣ ፖስታውን በእንፋሎቱ ላይ ያዘው።

ደብዳቤው በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ ነበር። እሱ ነቀምት ተወልዶ ያደገ ነውና ቋንቋው አላስቸገረውም።

«ኦቦ ጉሉማ፣ ነገሩ ሰኞ ማታ ከሆነ ሐሙስ ጠዋት ጊዜው ነው፤ ከዚያ ማለፍ የለበትም። እንደ በፊቱ በሰውነቴ ይዤው በመጀመሪያው አውቶቡስ እመለሳለሁ። ይህ የመጨረሻዬ ሊሆን ይችላልና ጸልይልኝ። ከተማ ውስጥ ማንም እንዳይሰማ። በተለይ ዓምዴ።»

በተለይ ዓምዴ።

ደብዳቤውን መልሶ አጠፈው፣ አሸገው፣ ማኅተም መታበት። ቀኑን ሙሉ ማኅተም ሲመታ ዋለ፤ በእያንዳንዱ ምት ያቺ ቃል ትሰማዋለች። ቴምብር የገዛ ሁሉ የሚስቅበት መሰለው። ያን ሐሙስ ወደ መናኸሪያ አልሄደም። ከወለቴ ሱቅ ጥግ ሆኖ አሻግሮ አያት። ወረደች፤ እጇ ደረቷ ላይ ነው። ግራና ቀኝ ተመለከተች። የምትፈልገው እሱን እንደሆነ ገብቶታል። ባይገባው ኖሮ ይቀለው ነበር።

* * *

ቅዳሜ ከቀትር በፊት ዶፉን ለቀቀው። ዓምደሚካኤል የፖስታ ቤቱን የዝናብ ካፖርት እስከ አንገቱ ቆልፎ ከቤተ ሙከራው በር ላይ ቆመ። ከተከራየችበት ቤት እየሮጠች ሳይሆን፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ፣ በዝግታ ስትመጣ አያት። ጥላ አልያዘችም፤ ሁለቱም እጆቿ ደረቷ ላይ ናቸው። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል።

«የማን ነው?» አላት፣ ሰላምታ ሳያስቀድም።

«ምኑ?»

«በደረትሽ የያዝሽው ነዋ! በሰውነትሽ ይዘሽ የምትመላለሽው! አገር እንዳይሰማ፣ በተለይ እኔ እንዳልሰማ የምትደብቂው!»

ፊቷ መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ እንደሚዘጋ መስኮት ቀስ ብሎ ተዘጋ።

«‹በሰውነቴ› የሚለውን ከማን ሰማኸው?»

ዓይኑን ወደ ዝናቡ መለሰ።

«እኔ ይህን ለአፍ አላወጣሁትም ዓምዴ። በአንዲት ወረቀት ላይ ብቻ ነው የጻፍኩት።»

«ከፈትኩት» አለ። እፍረቱ ተገልብጦ ቁጣ ሆነ። «ከፈትኩት! እና ምን ይጠበስ? አሳዪኝ!» እጇን ያዘ።

«ዲሲ! ዓምዴ፣ ዲሲ! ልቀቀኝ፣ እለምንሃለሁ፣ አትጎትተኝ…»

ጎተታት። ከሹራቧ ሥር የሆነ ክር ተበጠሰ። ቀይ ክር የታሰረበት ጣት የምታህል ብልቃጥ ወጥታ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ወደቀች። ድምፅዋ የበቆሎ ፍሬ ሲፈነዳ ከሚሰማው አይበልጥም። የፈሰሰውን ጭላጭ ዝናቡ ወዲያው ወሰደው።

ወርቂቱ አልጮኸችም። ተንበርክካ ስብርባሪውን አየች። ሌላኛው እጇ አሁንም በግራ ጎኗ ያለውን ሌላ ነገር አጥብቆ ይዟል።

«ይኸውልህ የጠረጠርከው ልጅ» አለች። «አባቱን ፈልገው እንግዲህ። ጎርፉ ወደ ታች ወስዶታል።»

«ምንድን ነው?»

«የአሳማ ፅንስ።» በረንዳው ሥር ገብታ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። «ሰኞ ማታ ከአውራው ተገናኝታ፣ ሐሙስ ጠዋት ኦቦ ጉሉማ ካረዳት እናት አሳማ ማህፀን አጥቤ ያወጣሁት። ከጤፍ ፍሬ ያንሳል፤ በዓይን አይታይም። ትንሽ ብርድ ከመታው አለቀለት። የማሞቂያው ሣጥን መብራት በጠፋ ቁጥር ይቀዘቅዛል። በዚህ ከተማ ሳይቋረጥ የሚሞቅ ነገር ብፈልግ የሰው ገላ ብቻ አገኘሁ። የተተነፈሰ አየር ይስማማዋልና ትንፋሼን በቀጭን ቱቦ እነፋበታለሁ፣ በሰም እዘጋዋለሁ፣ ከጡቴ ሥር አስረዋለሁ። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው፤ ከተኛሁ እጫነዋለሁ።»

ከካፖርቱ የሚንጠባጠበው ውሃ እግሩ ሥር ይጠራቀማል።

«ያ የሚጽፍልሽስ?»

«ሰባ ዓመት የሆነው አስተማሪዬ ነው። ከፍተህ አላነበብከውም? ከአንተ በፊት የሚከፍቱት ያውቃሉ።» ሳቋ መራራ ነበር። «እነሱስ ደመወዝ ይከፈላቸዋል። አንተ በነጻ ነው?»

«ለምን አልነገርሽኝም ወርቂ? ብትነግሪኝ ኖሮ…»

«አውቶቡሱ ውስጥ ክርስቲያንም እስላምም አለ። የአሳማ ነገር ደረቷ ውስጥ ይዛለች ቢባል ከጉቴ ሳንወጣ ነው አሽቀንጥረው የሚያወርዱኝ።»

«እኔ ተሳፋሪ ነኝ?»

ቀና ብላ አየችው። ለረጅም ጊዜ ያላየባት ዓይን ነበር፤ ፍቅርም ጥላቻም ያልሆነ፣ የሚመዝን ዓይን።

«ግንቦት ላይ እናትህ ቤት ሻይ ጠጣሁ አይደል? ሻርፔን ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁህ። የጠጣሁበትን ብርጭቆ በሁለት ጣትህ አንጠልጥለህ ወጣህ፤ ከጉድጓዱ ወረወርከው። እትዬ ተናኜ ቢሆኑ ባልከፋኝ። አንተ ነህ።»

ደሙ ወደ ፊቱ ወጣ። ያን ቀን ረስቶት ነበር። እናቱ «ጣለው» አለችው፤ ጣለው። እንደ ውሃ ቅዳ፣ እንደ በር ዝጋ ነበር የሰማው።

«እማዬ ናት እኮ ያለችኝ…»

«አውቃለሁ» አለች ወርቂቱ። «ምን እንደምሠራ ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ ዛሬ ልንገርህ። ፅንሱ ሲጀምር አንድ ሕዋስ ነው። ይከፈልና ሁለት ይሆናል፤ ይከፈልና አራት ይሆናል። እስከዚያ የሚንቀሳቀሰው እናቱ እንቁላሉ ውስጥ በሰነቀችለት ትእዛዝ ነው። የራሱ ዘር ከእናቱም ከአባቱም ተጽፎ ውስጡ ተቀምጧል፤ ገልጦ አያነበውም። አራት ሲሞላ ግን የእናቱ ስንቅ ያልቃል። ያን ጊዜ የራሱን ማንበብ ይጀምራል፤ ካልጀመረ እዚያው ይሞታል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሦስት ቀን ሳይሞላው ነው ዓምዴ። አንተ ሃያ ሰባት ዓመትህ ነው።»

መብረቅ ቢመታው ይሻለው ነበር።

«የተሰበረው» ብላ ቀጠለች፣ ድምፅዋ አሁን ሊከዳት ነው፣ «ማንበብ የሚከለክል መድኃኒት የገባበት ነበር። አሁን የያዝኩት፣ ነጭ ክር ያለበት፣ ምንም አልገባበትም። ነጩ ከአራት አልፎ ቀዩ አራት ላይ ቢቀር፣ የሚያሻግራቸው የራሳቸው ጽሑፍ መሆኑን በዓይኔ አይ ነበር። እስከ ዛሬ ሁለቱም አራት ላይ ይሞቱብኝ ነበር፤ የማኖራቸው ውሃ አልስማማ ብሏቸው። በዚህኛው ዙር ውሃውን ቀየርኩት። ከዚህ ወዲያ የሚታረድልኝ አሳማ እንደሌለ አለቃዬ ነግሮኛል። ምስክሬን ጎርፍ ውስጥ ጨመርክብኝ።»

«ነጩስ?»

እጇን ወደ ሹራቧ ሰደደች፤ ፊቷ ተለወጠ። «ልብሴ ረጥቧል» አለች በሹክሹክታ። «ዓምዴ፣ ገላዬ ቀዝቅዟል።»

በሩን ከፍታ ገባች። ክፍሏ ጨለማ ነበር፤ መብራት የለም። ማይክሮስኮፑ በመስተዋቱ የቀን ብርሃን ተቀብሎ ነው የሚያሳየው፤ በዚያ ደመና ውስጥ ምንም አያሳይም። ሰማዩ እስኪገልጥ ብልቃጧ የሆነ ሙቀት ማግኘት አለባት። ወርቂቱ ወደ እሱ ዞረች፤ ካፖርቱን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ከሥሩ ደርቀሃል?»

«ደርቄያለሁ።»

ጥያቄውን ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። የፈራችው እንቢታውን አልነበረም። እሺ ብሎ በሁለት ጣት እንዳይቀበላት ነው የፈራችው። ገባው። ካፖርቱን ፈታ፤ የሸሚዙን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈታ። ደረቱ ላይ ጥቁር ማተቡ ተንጠልጥሏል።

«ስጪኝ» አለ።

እሷ ራሷ አኖረችለት፤ ከማተቡ ጎን፣ ልቡ ላይ። ብልቃጧ አልቀዘቀዘችም ነበር። ከእሷ ገላ የመጣው ሙቀት በቆዳው ላይ ተሰማው፤ ሦስት ሐሙስ የተነፈገው ያ ሙቀት። መዳፉን ከላይ ጫነበት። መተንፈስ ፈራ።

«ተንፍስ» አለችው። «ካልተነፈስክ ትቀዘቅዛለህ።»

ብርሃን መምጣቱን ለማየት ወደ በረንዳው ወጡ። ዝናቡ ወደ ካፊያ ዞሯል። ከገበያው በኩል ጥላ የያዘች ሴት ዘንቢል ይዛ ብቅ አለች። አረማመዷን ከሩቅ ለየው። እናቱ ናት።

«ዓምዴ? ደረትህን ገልጠህ በዚህ ብርድ ምን ታደርጋለህ?» ተናኜ ቆመች። ዓይኗ ወደ ወርቂቱ እርጥብ ፀጉር ሄደ፣ ወደ እጁ ተመለሰ። «ምንድን ነው የያዝከው?»

ሦስት ውሸት በአንድ ጊዜ መጣለት። መድኃኒት ነው። ሳል ይዞኝ ነው። የመንግሥት ዕቃ ነው። ሁሉም እናቱ ደስ እንዲላት የተሰፋ ነው። ወርቂቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሲዋሽ ላለማየት።

«የወርቂቱን ሥራ ነው» አለ። ድምፁ ቀጥኖበት ደገመው። «የአሳማ ፅንስ ነው እማዬ። ብርድ እንዳይመታብን ብዬ ነው። ወደ አርጆም ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«በስመ አብ!» ተናኜ አማተበች። «ከማተብህ ላይ?»

«ከማተቤ አጠገብ።»

ካፊያው ጥላዋ ላይ ይንጠባጠባል። የምትሰድበው መስሎት ጠበቀ፤ አልተሳደበችም። ስትናገር ድምፅዋ የደከማት ሴት ድምፅ ነበር።

«ማታ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«በምን ዕቃ ልትበላ ነው?»

«በምትሰጪኝ።»

ተናኜ ዘንቢሏን ወደ ሌላኛው እጇ አዛውራ ቁልቁል ሄደች። ዓምደሚካኤል ጀርባዋን ሲያይ ሕፃን ሳለ ገበያ ውስጥ የጠፋባት ቀን ትዝ አለው። ደረቱ ላይ ያለችው እጁ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ወርቂቱ ከግድግዳው ዞራ ታየው ጀመር። የምታየው ብልቃጧን አልነበረም። ጣቶቹን ነበር፤ ከዚያ ፊቱን፤ ከዚያ ደግሞ ጣቶቹን።

«ነገም እንዲህ ትላታለህ?» ስትል ጠየቀችው።

አዎ ሊል ነበር። አዎ ቅርብ ነበረች፣ ጣፋጭ ነበረች፣ ምላሱ ላይ ተዘጋጅታ ነበር።

«እንጃ» አለ። «እፈራለሁ። ዛሬ ግን ብያለሁ።»

ወርቂቱ፣ የገባላትን ቃል ኪዳን ሁሉ በጥርጣሬ ስታደምጥ የከረመች ልጅ፣ ይህችን እንጃ ግን አመነቻት። ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ። አላቀፈችውም፤ ይቅርም አላለችውም። በጎኑ ቆማ ደመናው እስኪገለጥ ትጠብቅ ጀመር። እሱም ከመዳፉ ሥር የሚመታው ልብ የማን እንደሆነ እንደ አዲስ እየሰማው፣ ከእሷ ጋር ጠበቀ።